አዲሷን ነርስ ሌሊት ብቻዋን አታስቀሯት

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቦሌ አራብሳ፣ በአዲስ አበባ ዳር ባሉ ጤና ጣቢያዎች የሚመደቡ አዳዲስ ነርሶች ገና ዕቃው የት እንደሚቀመጥ ሳይለዩ ሌሊት ተረኛ ሲደረጉ ዝም ማለት አይገባም። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ «ልጅ የላትም፣ ትችለዋለች» ነው። ወረቀቱ ላይ በእርግጥ ሁለት ስም ይጻፋል። ግን ትንፋሽ ያጠረው ታካሚ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ሲባል ነባሯ ነርስ አብራ አምቡላንስ ትገባለች። ሆስፒታል ደርሶ፣ ታካሚውን አስረክቦ እስኪመለስ ሌሊቱ ይጋመሳል፤ ክፍሉም ለአዲሷ ይቀራል።

በዚህ ሰዓት 8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ይመጣል እንበል። ትእዛዙ 400 ሚሊ ግራም ሴፍትሪያክሶን፣ በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ፣ ነው። 1 ግራሙ ዱቄት በ10 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውኃ ሲበጠበጥ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ይኖራል፤ ስለዚህ የሚሳበው 4 ሚሊ ሊትር ነው። ይህን ተምራዋለች፣ ተፈትናበታለችም። አጠገቧ ያለው ሲሪንጅ ግን ባለ 5 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ጊዜ ሞልታ ትበጠብጥና የለመደችውን 4 ሚሊ ሊትር ትስባለች። በ5 ሲበጠበጥ ግን በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 200 ሚሊ ግራም ስለሚኖር፣ ሕፃኑ 800 ሚሊ ግራም፣ የታዘዘለትን እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። ስሌቱ ጠፍቷት አይደለም፤ እናቲቱ ታለቅሳለች፣ ማዶ ያለው አስታማሚ «ሲስተር፣ ግሉኮሱ አለቀ!» ይላል፣ የሳበችውን አይቶ «ቆይ፣ በስንት በጠበጥሽው?» የሚላት ሁለተኛ ሰው የለም። ብልቃጡ ላይ ፕላስተር ለጥፎ «በ1 ሚሊ 100» ብሎ ሰዓቱን መጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ልማድ ግን የሚያስይዛት አብሯት የሚሠራ ሰው ነው።

በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ጠብታም እንዲሁ ነው። 1 ሊትር በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ከታዘዘና 20 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር ከሆነ፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ይሆናል። ታካሚው እጁን ባጠፈ ቁጥር ፍጥነቱ ስለሚለወጥ፣ አንዴ አስተካክሎ መሄድ አይበቃም፤ በየሰዓቱ ሰዓት ይዞ መቁጠር ያስፈልጋል።

የጠዋቱ ርክክብ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። የሌሊቷ ተረኛ የታክሲ ሰልፍ እያሰበች «ሁሉም ደህና ናቸው» ብላ ትወጣለች። ርክክብ ካርድ ተይዞ በየአልጋው መሆን አለበት፦ ምን መድኃኒት ስንት ሰዓት ተሰጠ፣ ምን ቀረ፣ የትኛው ውጤት እየተጠበቀ ነው። አዲሷ ያልገባትን ስትጠይቅ «ይኼን ሳታውቂ ነው የተመረቅሽው?» የሚል ነባር በዚያች ቅጽበት አደጋ እየፈጠረ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አትጠይቅም፤ ገምታ ትሰጣለች።

የሰው እጥረቱ እውነት ነው። ቢሆንም በመጀመሪያው ወር አዲሷን ከአንዲት ነባር ጋር በአንድ ተራ ማሰለፍ ተጨማሪ ቅጥር አይጠይቅም። የግድ ሌሊት ከገባችም፣ ታካሚ ይዞ በአምቡላንስ የሚሄደው ሰው ከማምሸቱ በፊት በስም ይታወቅ፤ እሱም አብሯት የተመደበው ነባር አይሁን።