«ሙሉውን ቀይር» አሉ!

ቆይ እኔ የምለው፣ ያኔ ማንም ከሱቅ ይገዛው የነበረ የኮምፒውተር ማንዋል ዛሬ እንዴት የመንግሥት ምስጢር ይሆናል?

ትርፍ ሰዓቴን የማጠፋው አሮጌ ኮምፒውተር በመጠገን ነው። ባለቤቴ «እዚህ አሜሪካ ቆራሌው ስለሌለ ተረፍክ» ትለኛለች። ሰሞኑን የያዘኝ የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወርክስቴሽን፣ ማለትም ለመሐንዲሶችና ለተመራማሪዎች የተሠራ ኃይለኛ ኮምፒውተር ነው። የማን ምርት እንደሆነ ይቅር። ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍልለት ፓወር ሰፕላዩ ሞቷል። ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ዕቃዎች) አርጅተው ፈሳሻቸውን ቦርዱ ላይ ለቀዋል፤ የመዳብ መስመሮቹን በልቷቸዋል። የትኛው መስመር ከየት ወዴት ይሄድ እንደነበር ለማወቅ ዲያግራም፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መስመሮቹ ሥዕል፣ የግድ ነው።

የጥገና ማንዋሉን እንደ ምንም አገኘሁት። ምን ይላል? «ፓወር ሰፕላዩ ካልሠራ ሙሉውን ቀይር።» አበቃ! ከማን ልግዛ? ከሙዚየም? አንድ ተጣጥፎ የገባ ትልቅ የኬብል ሥዕል አለው፤ እሱንም ሳይዘረጉት ነው ስካን ያደረጉት። ግማሹ እጥፋቱ ውስጥ ቀርቷል። ወንድሜ፣ ወረቀት መዘርጋት ምን ይከብዳል?

የባሱት ግን ነጋዴዎቹ ናቸው። እንደ ቢትሴቨርስ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ለፍተው በነፃ ያስቀመጡትን ፒዲኤፍ አውርደው፣ የራሳቸውን ማኅተም መትተውበት «ክሬዲት ካርድ አስገባ» ይሉሃል። የመጀመሪያዎቹን ገጾች አሳይተው ሌላውን ብዥ ያደርጉታል። ዓይን አውጣነት!

እንዲህ አልነበረም እኮ። በ1978 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአፕል 2 ማንዋል ሙሉ ዲያግራሙን ይዟል። አይቢኤም በ1981 ለፒሲው ባሳተመው የቴክኒክ ማንዋል የባዮሱን (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ኮድ ሳይቀር አስገብቶታል። የኮሞዶር 64 የፕሮግራመሮች መጽሐፍም ዲያግራሙ ከኋላው አለ።

ባለቤቱን ልጠይቅ ብትል ደግሞ ባለቤቱ ማነው? ኮሞዶር በ1994 ከሰረ። ቫክስ የተባሉትን ኮምፒውተሮች የሠራው ዲጂታል ኢኩዊፕመንት በ1998 ለኮምፓክ ተሸጠ፤ ኮምፓክ በ2002 ወደ ኤችፒ ገባ፤ ኤችፒ በ2015 ለሁለት ተከፈለ። ሠራተኛው ተበትኗል፣ መጋዘኑ ተዘግቷል። የቅጂ መብቱ ግን አለ! በአሜሪካ ሕግ የድርጅት ሥራ ከታተመ በኋላ ለ95 ዓመት ይጠበቃል። በ1991 የታተመ የጥገና ማንዋል ነፃ የሚወጣው በ2087 ነው። ያኔ እንኳን እኔ፣ ልጄም ጡረታ ወጥቷል።

ቢሸጡት እኮ እገዛው ነበር። አይሸጡም፣ አይለቁም።

ለማንኛውም ጋራዡ ውስጥ የዚያን ዘመን የጥገና ወረቀት ያስቀመጠ ቴክኒሻን የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ስካነሩን ይዤ እመጣለሁ፤ እኔው እዘረጋዋለሁ። ክትፎውም በእኔ ነው።