የ15 ዓመት ውል የሚፈራረመው ሰው ለምን ከስብሰባው ውጭ ይቀመጣል?

ሰሞኑን አንድ ትልቅ ኩባንያ የሪል ስቴት ኃላፊውን የሥራ መደብ ሰረዘ። ቢሮዎቹን፣ መጋዘኖቹንና ሱቆቹን የመከታተሉ ሥራ እንዳለ ወደ ግዥ ክፍል ሄደ። እስክሪብቶና ወረቀት ወደሚገዛው ክፍል ማለት ነው። የኩባንያውን ስም መጥራት አልፈልግም፤ ነገሩ የእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩም። ያናደደኝ ውሳኔውን ተከትሎ የመጣው ጭብጨባ ነው። ቦታ ወጪ ነው፣ ወጪ ደግሞ ይቀነሳል፣ ለዚህ ብሎ ከቦርድ ጋር የሚቀመጥ ሰው ምን ያደርጋል የሚል። ኧረ ባካችሁ!

ደካማውን ክርክር አስቀድሜ ላንሳው፤ ደግሞም በጣም የሚወደደው እሱ ነው። መረጃ አለን ይላሉ። በሩ ላይ ያለው የካርድ ማንበቢያ በየቀኑ ስንት ሰው እንደገባ ይመዘግባል፣ አማካዩን አውጥተን የተረፈውን ቦታ እንለቃለን፣ ይኼን ደግሞ ሶፍትዌር ይሠራዋል። እሺ፣ እንሥራው። እንበል 1,000 ሠራተኛ አለ። ሰኞ 400 ሰው ይመጣል፣ ማክሰኞ 750፣ ረቡዕ 800፣ ሐሙስ 700፣ ዓርብ 150። አማካዩ 560 ነው። ሶፍትዌሩ 560 ጠረጴዛ ይበቃል ይላችኋል። ረቡዕ ዕለት 240 ሰው ላፕቶፑን ታቅፎ ኮሪደር ላይ ይቆማል፣ ዓርብ ደግሞ ከ400 በላይ ጠረጴዛ ባዶውን ይውላል። አማካይ ሠራተኛ የሚባል ፍጡር ቢሮ ገብቶ አያውቅም። ለምን ሁሉም ረቡዕ እንደሚመጣ፣ የትኞቹ ቡድኖች አብረው መቀመጥ እንዳለባቸው፣ በሚቀጥለው ዓመት ስንት ሰው እንደሚቀጠር የካርድ ማንበቢያው አያውቅም። ይኼ የሚታወቀው ከሰው ኃይል ኃላፊው፣ ከፋይናንስ ኃላፊውና ከዋና ሥራ አስፈፃሚው ጋር እኩል ተቀምጦ በመነጋገር ነው። የግዥ ክፍል ይኼን ሊያውቅ ቀርቶ እንዲጠይቅም አይፈቀድለትም።

ዋናው ነገሬ ግን ጊዜ ነው። አንድ ዋና ሥራ አስፈፃሚ ከአምስት ስድስት ዓመት በላይ ከቆየ ብዙ ቆየ ይባላል። ስትራቴጂ የሚባለው ሰነድ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ይከለሳል። ሠራተኛ ይቀነሳል፣ ማስታወቂያ ይቆማል፣ አቅራቢም ይቀየራል። ትልቅ የቢሮ ኪራይ ውል ግን 10፣ 15፣ አንዳንዴም 20 ዓመት ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ኩባንያ ከሚገባቸው ቃሎች ሁሉ ረጅሙን ቃል የሚያዘጋጀው ይኼ ከስብሰባ ውጭ የሚቀመጠው ሰው ነው። ደግሞ ነገሩ የተደበቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከጥር 2019 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ አይ.ኤፍ.አር.ኤስ 16 ኪራይን ዕዳ አድርጎ ሒሳብ መግለጫው ላይ አስቀምጦታል። ድሮ ግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ይሸጎጥ የነበረው ቁጥር አሁን ባለሀብቱ ፊት ቁጭ ብሏል። እና ይኼን ዕዳ የሚያዘጋጀው ሰው ነው ከቦርዱ ጋር ምን አገናኘው የሚባለው?

የኤች.ኤስ.ቢ.ሲን ጉዳይ እንይ። ባንኩ በ2023 ለንደን ካናሪ ዋርፍ ውስጥ ካለው 45 ፎቅ ዋና መሥሪያ ቤቱ ወጥቶ ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አጠገብ ወዳለ ሕንፃ እንደሚዛወር አስታወቀ። አዲሱ ቦታ ከቀድሞው ግማሽ ገደማ ነው። ያኔ ሰው ከቤት ይሠራል፣ ግማሽ ሕንፃ ይበቃል ተባለ፣ ብዙ ሰውም ዘመናዊ አስተሳሰብ ነው ብሎ አደነቀ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ አዲሱ ሕንፃ እንደሚጠብ ታወቀና ባንኩ እዚያው ሊለቀው በነበረው ካናሪ ዋርፍ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ተጨማሪ ቦታ ፍለጋ ተመለሰ። ገና ከአሮጌው ሳይወጣ! ይኼ የካሬ ሜትር ስህተት አይደለም፤ ሰዎቻችን በ2027 እንዴት ይሠራሉ የሚል ጥያቄ ነበር፤ በ2023 ስሜት ተመለሰ።

የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ደግሞ ለንደን ውስጥ አንድ ሕንፃ ተከራየ፣ ከዚያ ሐሳቡን ቀየረ፣ ገብቶ ሳይሠራበት በ2023 ከውሉ ለመውጣት 149 ሚሊዮን ፓውንድ ለአከራዩ ከፈለ። ይኼን ገንዘብ ለመቆጠብ ምን ያህል የእስክሪብቶ ግዥ ድርድር እንደሚያስፈልግ የግዥ ክፍሉ ያስላልን።

አማዞንም አለ። መስከረም 2024 ላይ ከጥር 2025 ጀምሮ ሁሉም በሳምንት አምስት ቀን ቢሮ ይገባል አለ። ጥሩ፣ መብቱ ነው። ቀኑ ሲቃረብ ግን በተለያዩ ከተሞች ላሉ ሠራተኞች ቢሮው ስላልተዘጋጀ ቆዩ ተባሉ፣ አንዳንዶቹም ለወራት። በሎጂስቲክስ ዓለምን የሚያስተምር ኩባንያ ለራሱ ሰው ወንበር አነሰው። በእኔ እምነት እንዲህ የሚሆነው መጀመሪያ ቀኑ ተቆርጦ፣ ከዚያ ቦታው ሲጠየቅ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሌላም የሚያበሽቀኝ አለ። ሕንፃ ገንዘብ ያስራል፣ ሸጠን መልሰን እንከራየው የሚሉ ሰዎች። በወረቀት ላይ እንዴት ያምራል! ሬድ ሎብስተር የተባለው የአሜሪካ ምግብ ቤት ድርጅት በ2014 በ2.1 ቢሊዮን ዶላር ሲሸጥ ገዢው የምግብ ቤቶቹን መሬትና ሕንፃ ወዲያው በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ለሌላ አሳለፈው። ድርጅቱ የራሱ በነበረው ቤት ኪራይ ከፋይ ሆነ። ግንቦት 2024 ላይ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ያወራው ስለዚያ በአንድ ዋጋ እስክትጠግቡ ብሉ ስለተባለው ሽሪምፕ፣ ስለ ባሕር ምግቡ ነበር፤ ለወሬ ይጣፍጣላ። ገበያ የሌላቸውን ምግብ ቤቶች ዘግቶ እንዳይገላገል እጁን የያዘው ግን ኪራዩ ነው። በተቃራኒው ማክዶናልድስ ከ1956 ጀምሮ፣ የቀድሞ ፕሬዚዳንቱ ሃሪ ሶነቦርን በቀየሰው መንገድ፣ ቦታውን ራሱ ይዞ በስሙ ለሚሠሩት የፍራንቻይዝ ባለቤቶች ያከራያል። ዛሬም ትልቅ ገቢው ኪራይ ነው። አንዱ ቦታን ስትራቴጂ አደረገው፣ ሌላው የአንድ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ። የሽሪምፑ ዋጋ፣ የአስተዳደሩ መለዋወጥ፣ ኮቪድ ተብሎ ሌላ ምክንያት ይደረደራል፤ አውቃለሁ። ከቤት ኪራዩ ጋር ሲነፃፀር ግን አያሳምነኝም።

ለተቃዋሚዎቼ አንድ ነገር እሰጣለሁ። አንዳንድ የሪል ስቴት ኃላፊዎች ለዚህ ንቀት ራሳቸው በር ከፍተዋል። ቦርድ ፊት የመቅረብ ዕድል ሲያገኙ ስለ ግድግዳ ቀለም፣ ስለ ተክልና ስለ ቡና ማሽን ስላይድ ይዘው ይመጣሉ። ጠያቂው ትርፍ ሲል እነሱ ድባብ ይላሉ። በስንት ብር ቅናሽ ተደራደርኩ ብሎ ብቻ የሚኩራራ ሰው ደግሞ ግዥ ክፍል ቢመደብ አይፈረድም። ግን መፍትሔው ሰውየውን መቀየር እንጂ ወንበሩን መሰባበር አይደለም።

ኃላፊው ለፋይናንስ ሪፖርት ያድርግ ወይስ ለዋና ሥራ አስፈፃሚው የሚለው ብዙም አያስጨንቀኝም። የምጠይቀው ቀላል ነው። የቀጣዩ ሦስት ዓመት የቅጥር ዕቅድ ለቦርድ ሲቀርብ እዚያ ይኑር። ኩባንያው አዲስ ገበያ እገባለሁ ሲል፣ ሌላ ኩባንያ እገዛለሁ ሲል፣ ሠራተኛ ሁሉ ይመለስ ሲል፣ ገና ሐሳብ እያለ ይስማ። ውሉ ውስጥ ከአምስት ዓመት በኋላ መውጫ አንቀጽ ይግባ ብሎ አከራዩን መጨቅጨቅ የሚችለው ያኔ ነው። አሁን እንደሚደረገው ማስታወቂያው ለሠራተኛው ከተለቀቀ በኋላ በኢሜይል፣ "ለመረጃ ያህል" ተብሎ አይድረሰው።