እንደ አውሮፓ ቢሆን ስንል ምን ማለታችን ነው?

ባሕር ዳር ላይ ስለ ዓባይ ሲወራ አንድ ምኞት ሳይነሳ አይቀርም፦ «የተፋሰሱ አገሮች እንደ አውሮፓ በተባበሩ!» አውሮፓ የምንኖረውም ይህንኑ እናስተጋባለን። ምኞቱ መልካም ነው። ግን አውሮፓ ውስጥ ወንዝን የሚጠብቀው ትብብር ብቻ አይደለም።

ዳኑብን እንይ። 14 አገሮች አባል የሆኑበት ዓለም አቀፉ የዳኑብ ወንዝ ጥበቃ ኮሚሽን ቢሮው ቪየና ነው፤ የተመሠረተበት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1994 ሶፊያ ላይ ተፈረመ። አሠራሩ የዓባይ አገሮች የሚመክሩበት መድረክ ከሆነው ከናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭ ብዙ አይርቅም፤ አገሮቹ ይመክራሉ፣ ዕቅድ ያወጣሉ፣ እምቢ ያለውን ግን ኮሚሽኑ አይቀጣም። ጉልበቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከ14ቱ 9ኙ የአውሮፓ ኅብረት አባላት ናቸው፤ ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው የውሃ መመሪያ ደግሞ የየተፋሰሱ ዕቅድ በየ6 ዓመቱ እንዲታደስ ያስገድዳል። ያልፈጸመ አገር መጀመሪያ የማሳሰቢያ ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ ቀጥሎ ጥፋቱ ተዘርዝሮ ይጻፍለታል፣ ካልታረመ ሉክሰምበርግ ባለው የኅብረቱ ፍርድ ቤት ይከሰሳል። ፍርዱንም ችላ ካለ በሁለተኛ ክስ የገንዘብ ቅጣት ይጣልበታል። ወደ ኅብረቱ ሲገባ ዳኝነቱን አስቀድሞ ተቀብሏልና «አልቀርብም» ማለት አይችልም።

ይህ ሁሉ ግን በዋናነት ስለ ውሃው ንጽሕናና ጤና ነው። ስለ መጠኑ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። የአካባቢ ጥበቃ ሕግ በአብዛኛው የሚጸድቀው 65 በመቶ ሕዝብ ባላቸው 55 በመቶ አገሮች ድምፅ ሲሆን፣ የውሃ መጠን አስተዳደር ግን የሁሉንም አገሮች ስምምነት ይጠይቃል። አንድ አገር ብቻውን ሊያስቆመው ይችላል። «ማን ስንት ይውሰድ» የሚለውን የእኛን ጥያቄ አውሮፓም ለጋራ ድምፅ አልሰጠችውም። ይህን ሳይነግሩን ነው «እንደ አውሮፓ» የሚሉን።

ለምሳሌ ሀንጋሪና ቼኮዝሎቫኪያ ዳኑብ ላይ የጋራ ግድቦች ሊሠሩ እ.ኤ.አ. በ1977 ተዋዋሉ። ሀንጋሪ በ1989 ሥራውን አቆመች፤ በ1992 ዳኑብ በስሎቫኪያ በኩል ወደ ጋብቺኮቮ የኃይል ማመንጫ ተጠለፈ። ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ1997 ሁለቱም ወገን ጥፋተኛ ነው ብሎ ወደ ድርድር መለሳቸው። እዚያ የደረሱትም ሁለቱ ተስማምተው ጉዳዩን ስላቀረቡ ነው።

የዓባይ አገሮች ወንዙን በትብብር ለማስተዳደር ያዘጋጁት ማዕቀፍ ስምምነትም የተያዘው እዚሁ መጠን ላይ ነው። አንቀጽ 14(ለ) የሌላውን አገር የውሃ ዋስትና በጉልህ አለመጉዳት ይላል፤ ግብፅ ግን «አሁን ያለውን አጠቃቀምና መብት» የሚል እንዲጨመር ጠየቀች። ያ ሐረግ ቢገባ ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 የተዋዋሉት፣ ኢትዮጵያ ያልተጠራችበት ክፍፍል፣ ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ፣ በጓሮ በር ይመለሳል። ስለዚህ ስድስት አገሮች ያለ ካይሮና ካርቱም አጽድቀውት ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ትልቅ እርምጃ ነው። ያልፈረመን አገር ግን አያስርም፤ የፈረሙትም ሲጣሉ ፍርድ ቤት ለመድረስ እርስ በርስ መስማማት አለባቸው። አሁን መጠየቅ ያለበት በስምምነቱ የሚቋቋመው የዓባይ ኮሚሽን መቀመጫ የት ይሁን አይደለም፤ ዳኛው በአንዱ ወገን ጥያቄ ብቻ ይሰየም ወይ ነው።

ፌዴሬሽን ቢሆንስ? አገራችን ፌዴሬሽን ናት፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51(11) ክልሎችን የሚያገናኙና ድንበር የሚሻገሩ ወንዞችና ሐይቆችን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። መሬት ማስተዳደር ግን የክልል ነው። ጣና ላይ ሁለቱ ሥልጣኖች ዳርቻው ላይ ይገናኛሉ። በደምቢያና በፎገራ በኩል እምቦጭ ሲነቀል ክምሩ ውሃው ከማይደርስበት ካልራቀ ክረምት ላይ ሐይቁ ሞልቶ መልሶ ይወስደዋል። ካበበ በኋላ ከተነቀለ ደግሞ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። አረሙን የሚያፋፋው ማዳበሪያና ደለል በርብና በጉማራ ወንዞች በኩል ከማሳ ታጥቦ የሚመጣ ነው። ስለዚህ የውሃው ባለሥልጣንና የመሬቱ ባለሥልጣን በአንድ ዕቅድና በአንድ በጀት ካልሠሩ፣ ገበሬው ወገቡ እስኪጎብጥ የነቀለውን በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይነቅለዋል።