ከአጥሩ ውጭ ያለው ሁሉ አረም ነው ተባልኩ

አሁን ገና ቤት መግባቴ ነው። ብስክሌቱ ከነጭቃው በር ላይ ተጋድሟል። ይህን ሳልጽፍ ውሃ እንኳ በጉሮሮዬ አይወርድም።

23 ፎቶ አጠፋሁ። በገዛ ጣቴ፣ አንድ በአንድ፣ የልጄ እኩያ የሆነ የጥበቃ ሠራተኛ አጠገቤ ቆሞ እያየ!

ከሆለታ ስመለስ ነው። መስከረም ሲመጣ ይህን መንገድ እንደማልተው ታውቃላችሁ። ደርሶ መልስ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱ አለ፣ ጥግ የሚያስይዘው ሲኖትራክ አለ፣ እኔ ግን የምሄደው ለአበባው ነው። በመኪና የሚያልፍ ሰው አንድ ቢጫ መስመር አይቶ «አደይ» ብሎ ያልፋል። ብስክሌት ላይ ግን ዳገቱ ራሱ ያዘገያችኋል፤ ያኔ ቢጫው ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ታያላችሁ። የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው። መጭ የሚባለው የሌላው ቢጫ አበባ ቅጠል ደግሞ ያልተከፈለና ሲነኩት የሚሻክር ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ላይ ያለው «ስካብራ» የሚለው ቃልም ሻካራ ማለት ነው። መጭ እኮ ዘይቱን የምንበላው የኑግ የሥጋ ዘመድ ነው! ንቦቹም ያውቁታል፤ ከክረምት በኋላ የምንቆርጠው ማር ውስጥ የመጭ ድርሻ ትልቅ ነው። ለእንቁጣጣሽ ቤታችን የገባው እቅፍ ግማሹ መጭ ነበር። ስናገር «እና ምን ይሁን?» ተባልኩ። ምንም አይሁን፤ ስሙ ግን አደይ አይደለም።

አበባ ከሚመረትበት ግቢ አጥር ውጭ፣ ቦዩ ዳር ወርጄ ተንበርክኬያለሁ።

«እናቴ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«አበባ ፎቶ እያነሳሁ።»

«አበባው ያለው ውስጥ ነው። እሱን ማንሳት ክልክል ነው።»

«የውስጡን አይደለም፣ ይህን ነው» ብዬ እግሩ ሥር ያለውን አሳየሁት።

ጎንበስ ብሎ አየ። «ይህ እኮ አረም ነው! ለአረም ብለው ነው ከከተማ ድረስ የመጡት?» ከዚያ ባልደረባውን ጠራ፤ «እኚህ እናት አረም ነው የማነሳው ይላሉ።» እኔ አረም አላልኩም! አንድም ጊዜ አላልኩም! ታክሲ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩኝ። ስልኬን ክፈቺ ከመባል ይልቅ «ይክፈቱልኝ» መባሌ ምን ይጠቅመኛል? «ፎቶዎቹን ያጥፉ» ተባልኩ፣ አጠፋሁ። የተሰረዙት የሚቀመጡበትንም ባዶ አስደረገኝ።

ስነሳ ምን አየሁ? ቀጋ! ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅለው ብቸኛ ጽጌረዳ፣ ከነእሾሁ ተጨፍጭፎ አጥሩ ሥር ተከምሯል። ጽጌረዳ በላስቲክ ቤት ውስጥ እየተንከባከቡ ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ሰዎች፣ በራቸው ላይ የበቀለውን ጽጌረዳ ጨፈጨፉት!

አረም ማየት የፈለገማ ከግቢው ጀርባ ዘወር ይበል። ከአሜሪካ አህጉር የመጣው ፓርቲኒየም፣ ቆዳ የሚያሳክከው፣ ከብት ሲበላው ወተት የሚያመረው፣ ነጭ ራሱን ነቅንቆ በሩ ድረስ መጥቷል። እሱን የነካው የለም። በአገራችን ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች አሉ፤ እኛ ደግሞ ሁለት ስም ይበቃናል፦ ቢጫው አደይ፣ የቀረው አረም። ስልኬ ላይ የጫንኩት ዕፅዋት ለይቶ ይነግራል የተባለው መተግበሪያም አምና የፈረስ ዘንግ የሚባለውን ተክል በማላውቀው ስም ጠርቶልኝ ነበር። ስሙን ከማን ልማር?

ተማርኩ። አጥሩን ካለፍኩ በኋላ ላም የምትጠብቅ፣ ዕድሜዋ ከአሥር የማይበልጥ ልጅ አገኘሁ። ሁለቱን ቢጫዎች ጎን ለጎን ያዝኩላት። አላመነታችም፤ በኦሮምኛ አደዩን «ኬሎ»፣ መጩን «ቱፎ» አለችኝ። ከዚያ አስተናግር የሚባለውን መርዛማ ተክል አሳይታ፣ እንዳልነካው እጇን አወናጨፈችብኝ። ደጋግሜ አመሰገንኳት። ፎቶ ላነሳ ስልኬን አወጣሁና ተውኩት፤ እጄ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቅዳሜ ልመለስ አስቤያለሁ። ግን ከግቢው በር ጀምረው ማጭድ የያዙ ሠራተኞች የመንገዱን ዳር እያጸዱ ወደ ከተማ አቅጣጫ ሲሄዱ አይቻለሁ። በዚያ አያያዛቸው እስከ ቅዳሜ ልጅቷ የቆመችበት ቦታ ይደርሳሉ።