ጥርስ አወጣ ብላችሁ ጡት አታስጥሉ

ባለፈው ሳምንት ማታ ልጄን አጥብቼው ሲያንቀላፋ የስልኬን ባትሪ አበራሁና የላይኛውን ከንፈሩን ቀስ ብዬ ገለጥ አረኩት፣ ከፊት ጥርሶቹ ሁለቱ ላይ ልክ ድዱ ሥር ነጭ መስመር አለ፣ ኖራ የነካው ነው ሚመስለው፣ ወተት መስሎኝ በጨርቅ ጠረኩት እምቢ አለ። ልጁ 1 ዓመት ከ5 ወሩ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም፣ ጠዋት ዝናቡ ሳያባራ ባጃጅ ይዤ እዚሁ ጅማ አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት፣ ያየችው ባለሙያ ገና አፉን ከፍታ ሳትጨርስ "እስካሁን ታጠቢዋለሽ እንዴ? በቃ አስጥዪው፣ እሱ ነው ጥርሱን የሚበላው" አለችኝና ቀጣዩን ጠራች። ቀን ምን እንደሚበላ፣ ሻይ ይጠጣ አይጠጣ፣ ጥርሱን በምን እንደማጸዳለት አንድ ቃል አልጠየቀችኝም።

እቤት ተመልሼ ለጎረቤቶቼ ሳወራ ደግሞ ሁለቱ "እኔንም እንደዛ ብለውኝ ነው ያስጣልኩት" አሉኝ። አንዷ በ10 ወሩ ነው ያስጣለችው፣ በጡት ፋንታ ምን ሰጠሽው ስላት በጡጦ ሻይ በወተት፣ ስኳር ያለው፣ ያውም ይዞት ነው ሚተኛው። እኔ ይሄን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚች ልጅ ነው፣ ጥርሱን ላድን ብላ ነው ጥርሱን ለባሰ ነገር የሰጠችው፣ ጥፋቱ ግን የሷ አይደለም።

ጥርስ ሚበላሸው አፍ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ስኳር አግኝቶ አሲድ ሲሠራና አሲዱ የጥርሱን ሽፋን ሲበላው ነው። የእናት ጡት ውስጥም ላክቶስ ሚባል ስኳር አለ፣ እሱን አልክድም። ግን እስከ 1 ዓመት ድረስ ጡት የጠባ ልጅ ካልጠባው ይልቅ ጥርሱ የመበላሸት ዕድሉ ያነሰ ነው። ነገሩ ሚቀየረው ከ1 ዓመት በኋላ፣ ልጁ ቀኑን በብስኩትና በሻይ ውሎ ጥርሱ ሳይጸዳ ሌሊቱን ሙሉ ጡት አፉ ውስጥ ሆኖ ሲያድር ነው። እንቅልፍ ላይ ምራቅ ይቀንሳል፣ አፍን ሚያጥበው ደግሞ ምራቅ ነው። የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ቀድመው የሚጎዱትም ለዚ ነው፣ የታችኞቹን ምላስ ይሸፍናቸዋል። የልጄን የታችኞቹን አየኋቸው፣ ንጹህ ናቸው።

ታዲያ ልጄ ስኳሩን ከየት አገኘው? የወሊድ ፈቃዴ ያለቀው ልጄ 6 ወር ሳይሞላው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሚለው ግን እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዛ ከምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዛም በላይ። የመጀመሪያው ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ብቅ የሚለውም 6 ወር አካባቢ ነው፣ ስለዚ የሠራተኛ ልጅ ቤት ጥርሱ ሳይመጣ ጡጦው ይቀድማል። እኔ ቢሮ ስውል ልጁን የምትይዘው ልጅ ሲያለቅስባት ብስኩት በሻይ ነክራ ነው ምታባብለው፣ አልቆጣትም፣ ማንም አልነገራትማ። እኔም እስካሁን አልነገርኳትም ነበር።

የሕፃን ጥርስ ከተነሳ ደግሞ ግግን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ልጄ በ7 ወሩ ተቅማጥ ይዞት ነበር፣ እንደ እናቴ የማያቸው የሰፈራችን ትልቅ ሴት ጣታቸውን ድዱ ላይ አሳርፈው "ይኸው፣ ግግ አብጧል ልጄ፣ ይውጣለትና ይዳን፣ ምታወጣ ሴት አውቃለሁ" አሉኝ። ከልባቸው አዝነውልኝ ነው። ያ ድዱ ላይ እብጥ ብሎ ነጣ ያለው ነገር ግን በሽታ አይደለም፣ ገና ያልወጣ የክራንቻ ጥርስ ነው፣ ሲነቀል ሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስ አብሮ ሊጎዳ ይችላል፣ ደም ሊፈስ ይችላል፣ ንጹህ ባልሆነ መሣሪያ ቴታነስም ኤችአይቪም ሊመጣ ይችላል። ልጆች በዚ ዕድሜ ተቅማጥ ሚበዛባቸው መዳህ ስለሚጀምሩ፣ ያገኙትን ሁሉ አፋቸው ውስጥ ስለሚከቱና ምግብ ስለሚጀምሩ ነው፣ ጥርሱ የተገጣጠመው በጊዜ ብቻ ነው። መድኃኒቱ ኦአርኤስና ዚንክ ነው፣ ጡቱንም ሳያቋርጡ ማጥባት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ እንኳን የወተት ጥርስ መንቀልን፣ እንጥል መቁረጥንና ለጨቅላ ቅቤ ማዋጥን በስም ጠርቶ፣ ጉዳት ሲያደርሱ ያስቀጣል። ለእትዬ ይሄን ሁሉ ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው፣ ዝም ብለው ሰሙኝና ኦአርኤሱን ራሳቸው በጥብጠው በማንኪያ ሰጡት።

ስለሚነክስ ያስጣሉም አሉ። ያማል፣ አውቀዋለሁ፣ እኔም አልቅሻለሁ። ግን ልጅ በደንብ እየሳበ እያለ መንከስ አይችልም፣ ምላሱ የታችኛው ጥርሱ ላይ ተኝቶ ነው ሚጠባው። ሚነክሰው ጠግቦ መጫወት ሲጀምር ወይ ድዱ ሲያሳክከው ነው፣ ምላሱን ሲሰበስብ ካያችሁት ትንሿን ጣታችሁን በአፉ ጥግ አስገብታችሁ ቶሎ አላቁት። ከማጥባታችሁ በፊት ንጹህ ጨርቅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ነክራችሁ ያኝካት።

ማጽዳቱ ራሱ ከባድ አይደለም። ጥርስ ሳያወጣም ድዱን በንጹህ እርጥብ ጨርቅ፣ ከመጀመሪያዋ ጥርስ ጀምሮ ደግሞ በትንሽ ለስላሳ ብሩሽ በቀን ሁለቴ፣ የማታውን በፍጹም አለመዝለል። የጥርስ ሳሙናው የሩዝ ፍሬ ታክል፣ ፍሎራይድ ያለው። ፍሎራይድ ጥርስ ያበልዛል ብለው ሚፈሩ አሉ፣ ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያለው መበለዝ ከጉድጓድ ውሃ በብዛት ሲጠጣ ኖሮ የመጣ ነው፣ ከሩዝ ፍሬዋ ጋር አይገናኝም። ጡጦ ይዞ አይተኛ። አላምጦ ማጉረስና በአንድ ማንኪያ መብላትም ይቅር፣ የኛ አፍ ባክቴሪያ በምራቅ ነው ሚተላለፈው። ማርን በተመለከተ፣ የጅማ ማር የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን 1 ዓመት ላልሞላው ልጅ ጠብታም አይቀመስም፣ ቦቱሊዝም ሚባል ገዳይ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

አሁን የምጠይቀውን ልጠይቅ። ልጄን በ9 ወሩም በ15 ወሩም ለኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ወስጄዋለሁ፣ ተመዘነ፣ ክንዱ ተለካ፣ ካርዱ ላይ ተጻፈ። ከንፈሩን የገለጠ የለም። አሥር ሴኮንድ አይፈጅም፣ መሣሪያም አይፈልግም፣ ነጩ መስመር ደግሞ ገና ጉድጓድ ሳይሆን ከተገኘ ስኳሩን በመቀነስና በፍሎራይድ ሊመለስ ይችላል፣ አንዴ ከቦረቦረ ግን የሚቀረው መሞላት ወይ መነቀል ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪም የሚያስተምር ከተማ ውስጥ ነው ያለነው፣ ተማሪዎቹ በክትባት ቀን ጤና ጣቢያ ቢቀመጡና ነርሶቹን ይሄን አንድ ነገር ቢያለማምዱ ምን ይከብዳል? የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችንም ቤት ለቤት ሲዞሩ ማየት ይችላሉ። እናትየውን "አስጥዪ" ከማለታቸው በፊት ደግሞ ምን ይበላል ብለው ይጠይቋት።

እኔ አላስጣልኩትም። ማታ አጠባውና ጭኔ ላይ አስተኝቼ እቦርሸዋለሁ፣ ይጮሃል፣ ሌሊት ሲነሳ አጥብቼው ሲተኛ ጡቱን ከአፉ አወጣለሁ፣ ሻይና ብስኩቱ ከቤት ወጥቷል። ያቺ ጎረቤቴም ትናንት ልጇን ይዛ መጣች፣ በስልኬ ባትሪ አብረን አየንለት፣ የሱ ከነጭ አልፎ ቡናማ ሆኗል። ሰኞ አብረን ጥርስ ሐኪም ጋር እንወስዳቸዋለን።