ዓባይ በረሃ ላይ መቆሚያ ቢኖር

ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን፣ ቤልቪል ውስጥ ሱቅ ያለን አበሾች እሁድ ከሱቅ የምንርቀው ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለለቅሶ ነው። አንድ እሁድ ግን መኪና የገዛ ጓደኛችን «ኑ፣ የኬፕ ታውንን ባሕረ ገብ መሬት እንዙር» አለን። «ማን ጋ ነው የምንሄደው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ማንም ጋ። ዞረን እንመለሳለን።» ግራ ገባኝ። እኛ አገር መንገድ የሚወጣው ሰው ለመጠየቅ ነዋ።

ጠዋት በሙዘንበርግ አድርገን ሳይመንስ ታውን ደረስን። ቦልደርስ ዳርቻ ላይ ፔንግዊኖቹ ከትልልቅ ድንጋዮች መሀል እየተንገዳገዱ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 ሁለት ጥንድ ብቻ መጥተው ሰፈሩ፤ ከዚያ ወዲህ ነው የበዙት። ኬፕ ፖይንት ላይ ንፋሱ ሰው ይጥላል። ብዙዎች የአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ይመስላቸዋል፤ ጫፉ ግን ከዚያ በምሥራቅ በኩል ያለው ኬፕ አጉላስ ነው።

ልቤን የወሰደው መመለሻው ነው። ቻፕማንስ ፒክ ይሉታል። ከኑርድሁክ እስከ ሃውት ቤይ 9 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያች ርቀት 114 ኩርባ አለ። በቀኝ ቋጥኝ፣ በግራ አትላንቲክ። እ.ኤ.አ. ከ1915 እስከ 1922 እስረኞች ጭምር እየጠረቡ ሠሩት። ከታች ጠንካራ ግራናይት፣ ከላይ በቀላሉ የሚፈረፈር ድንጋይ ነው፤ መንገዱ የሚያልፈው መጋጠሚያቸው ላይ ነው። ስለዚህ ናዳ አያጣውም። በ2000 ዘግተውት፣ መረብ ዘርግተው፣ አንዱን ቦታ ከቋጥኙ ሥር ፈልፍለው በ2003 መጨረሻ መልሰው ከፈቱት። አሁን ለማለፍ ይከፈላል።

ደግሞ መቆሚያ አለው። ትንሽ ነዳ እንዳደረግህ ከመንገዱ ወጣ ያለ ሰፊ ቦታ፣ አጠር ያለ የድንጋይ አጥር ታገኛለህ። አንዱ ጋ ቆምን። አንድ ቤተሰብ ፔርሙዙን ከፍቶ ሻይ ይጠጣል። ልጆቹ አጥሩ ላይ ተደግፈው ባሕሩን ያያሉ። የሚቸኩል የለም።

ዓባይ በረሃ ትዝ አለኝ። እኔ ያንን መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ ግን አይቼዋለሁ ማለት ይከብደኛል። እናቴ አውቶቡሱ ጎሐ ጽዮንን ሲለቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና «በስመ አብ» ትጀምራለች። ደጀን ሳንደርስ አትገለጥም። ለእኛ ቁልቁለቱ በሰላም የሚታለፍ ፈተና ነበር። ሸለቆው ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት አለው! ከቻፕማንስ ፒክ በምን ያንሳል? ያነሰው ሰው በሰላም ቆሞ የሚያይበት ቦታ ነው። ለዚያ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የተደለደለ መሬትና አጥር ይበቃል።

ባለፈው አገር ቤት ስገባ መኪና ተከራይቼ እናቴን ይዤ ሄድኩ። ሹፌሩን ለምኜ አንድ ኩርባ ላይ ጥግ ያዘልኝ። እናቴ እጄን ጨብጣ ወረደች። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ወደ ታች አየች። ዝም አለች። ከዚያ «ወንዙ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። በጣቴ እያሳየኋት ሳለ ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ጥሩንባውን ለቀቀው። መንገዱን ዘግተንበት ነበር። ሮጠን ገባን።