ስኳር ሊጠፋ ነው አሉ

ባለፈው ቅዳሜ «ስኳር ሊጠፋ ነው አሉ» የሚለው ወሬ ሠፈራችን በገባ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሱቆቹ መደርደሪያ ተራቁቶ ያየ ሁሉ የጅማን ሕዝብ አርቆ አሳቢነት ሳያደንቅ አላለፈም። «አሉ» ያለው ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ መጠየቅ ወረፋ ያስለቅቃልና።

በዚህ ጥበብ ጎረቤቴ የሆኑትን አንዲት እናት የሚስተካከል የለም። ቀድሞ ሻይ እንኳ በስኳር የማይጠጡ ሰው ነበሩ፤ ጣፋጭ የሚያምራቸው እጥረት የሚባል ቃል ከሰሙ ወዲህ ነው። ችግር ይመጣል ብሎ የሰጋ ሰው ኃይል ሰጪ ምግብ እንደሚያስቀድም አጥኚዎች በሙከራ አሳይተዋል፤ እኒህ እናት ግን ያለ ሙከራ ደረሱበት። አምና በክረምት መግቢያ 50 ኪሎ ገዝተው አልጋቸው ሥር ሸሸጉ። በዓመት በአማካይ ከ1300 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድባት ጅማ ደግሞ ግድግዳ ታሻግታለችና ስኳሩ እርጥበቱን ጠጥቶ በነሐሴ አለት ሆነ። ቡና ሲጠሩን ከረከቦቱ አስቀድሞ ዘነዘና ይወጣ ጀመር። ልጃቸው ይፈልጣል፣ እኛ ፍንካቹን ከምንጣፍ ላይ እንለቅማለን፣ እርሳቸውም «ይኸው፣ ባይገዛ ኖሮስ?» እያሉ ይመርቁናል። ወሬው ለጉንዳኖችም ደርሶ ነበርና በመስከረም አልጋውን ወረሱት፤ ባለቤቲቱም ስኳራቸውን ላለማስደፈር ሳሎን ወርደው ተኙ።

ከጓሯቸው ጎደሬው ቅጠሉን ዘርግቶ፣ ድርቅ የማይበግረው እንሰትም ቆሞ ይህን ሁሉ ይታዘባሉ። እኒያ እናት ግን ጎደሬውን «እሱማ የትም አይሄድም» ይሉታል። የጎደሬ ጥፋት አለመጥፋቱ ነው።

እዚህ ላይ ግን ሳቄ ያልቃል። በዚያው ቅዳሜ በቀን ሥራ የምታድር ሴት ሩብ ኪሎ ስኳር ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ስትንከራተት፣ ያገኘችውንም በጨመረው ዋጋ ስትገዛ አይቻለሁ። እኛ አልጋ ሥር ላሻገትነው ስጋት ሒሳቡን የከፈለችው እርሷ ናት። ይህ ስርቆት ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

በንዴቴ ሰኞ ጠዋት ጸጉሬን ስስተካከል «ጎደሬ ሊጠፋ ነው አሉ» ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ አንድ ማዳበሪያ ጎደሬ ከበሩ ጀርባ እየገፋች አገኘኋት።

«በእጥፍ ዋጋ ነው የገዛሁት» አለችኝ እያለከለከች፤ «ደግሞ ለማንም እንዳትናገር።»